የሥራ አመራር ጥናትና አሠራር በተለዋዋጩ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው የሥራ አመራር ለሚማሩና ለሚያስተምሩ፣ እንዲሁም ፋብሪካ፣ ባንክ፣ መሥሪያ ቤት ወይም ንግድ ቤት ለሚመሩ አንባቢዎች ነው። ጥያቄዎቹ በሥልጠናና በመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር ወቅት ደጋግመው የሚነሡ ናቸው። እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሥራ አመራርን እንደገና ማሰብ ያስፈልጋል ሲባል ምን ማለት ነው?

የምናስተምረውና የምናጠናው የሥራ አመራር መነሻውን ከሥራ ቦታው ያድርግ ማለት ነው። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ መሥሪያ ቤቶቻችንና ድርጅቶቻችን በሌላ አገር ተሠርተው ያለቁ የአመራር ዘዴዎችን አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ ተቀብለዋል፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም «ዘዴው ምን ያህል ተተገበረ» የሚል ጥያቄ ይዘው ከኋላ ተከትለዋል። ዘዴው የተነደፈበት ሁኔታ፣ ማለትም መብራት የማይቋረጥበት፣ ጥሬ ዕቃ በቀጠሮው የሚገባበት፣ ሠራተኛ ለዓመታት የሚቆይበትና ሒሳብ በየጊዜው የሚዘጋበት ሁኔታ፣ እኛ ዘንድ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነሣ ያልፋል። የውጭ ዕውቀት ይቅርብን የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ጠቃሚ ጥናቶች አንዳንዶቹ የውጭ ሰዎች የሠሯቸው ናቸው። የምጠይቀው፣ መጀመሪያ ሥራው እንዴት እየተሠራ እንደሆነ ተጠንቶ፣ መሣሪያው ከዚያ በኋላ እንዲመረጥ ነው።

ታዲያ ለምን አሁን? ምን ተለወጠ?

በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሥራ አስኪያጅ የሚሠራባቸው ደንቦች አብዛኞቹ ተለውጠዋል። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበት የነበረው የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቶ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ተችሏል። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አገልግሎት ሲጀምር በቴሌኮም ዘርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ2017 ዓ.ም. አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅም ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ።

ይህ በሥራ አስኪያጅ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ከውጭ ጥሬ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ እናስብ። ከ2016 ዓ.ም. በፊት የሥራ አስኪያጁ ትልቁ ችሎታ ኤልሲ፣ ማለትም ለውጭ ግዢ የሚሰጥ የባንክ የክፍያ ዋስትና፣ ለመክፈት ወረፋ መጠበቅ፣ ከባንክ ሰዎች ጋር መነጋገርና ዶላሩ ሲፈቀድ የሚችለውን ያህል አስገብቶ መጋዘን መሙላት ነበር። ዕቃው ከገባ ገዢ አያጣም፤ ስለዚህ ዋጋ ማውጣትም፣ የምርት ብክነት መቀነስም፣ ደንበኛ መያዝም ሁለተኛ ደረጃ ጉዳዮች ነበሩ። ተመኑ በገበያ ሲሆን ግን ያው ጥሬ ዕቃ በብር ሲሰላ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፤ የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡ ግማሽ ያህል ዕቃ ብቻ ይገዛል፤ በመጋዘን ውስጥ ተከማችቶ የቆመ ዕቃም ወለድ የሚቆጠርበት ገንዘብ መሆኑ ይታያል። ትናንት ጎበዝ ያሰኘው ችሎታ ዛሬ ብቻውን አያዋጣም። ለተመራማሪም እንዲሁ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የተሰበሰበ መረጃ የሚናገረው ስለ ሌላ የአሠራር ዘመን ስለሆነ፣ ዛሬ ላይ ጠቅሶ የሚጽፍ ሰው ይህን ልዩነት በግልጽ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ቢፒአር፣ ቢኤስሲና ካይዘን ከሽፈዋል ማለት ነው?

እንዲህ በጅምላ መናገር አይቻልም፤ ሦስቱ የገቡበትን መንገድ ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራሙ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተጀመረ። በ1990ዎቹ ውስጥ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ በተለምዶ ቢፒአር የሚባለው፣ ከዚያም የተቋምንና የሠራተኛን ውጤት በነጥብ የሚመዝነው ሚዛናዊ ሥራ አመራር ወይም ቢኤስሲ ተከተለ። ቢፒአር በትክክል በተሠራበት ቦታ ለውጡ ለባለጉዳዩ ይታይ ነበር፤ ፊርማ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ መዞር ቀርቶ ጉዳዩ በአንድ መስኮት የሚያልቅበት አገልግሎት ተፈጥሯል። ችግሩ የመጣው ዘዴው በዘመቻ መልክ በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ እንዲተገበር ሲደረግ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከታትሎ ማጥናት ሲገባው የሌላውን ሰነድ ወስዶ ማስተካከል ይቀለዋል፤ የሚጠየቀው ሪፖርት እስከሆነ ድረስ ሰነዱ መኖሩ ይበቃል። ቢኤስሲም ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል፦ የቅርብ አለቃ ከሠራተኛው ጋር መቀያየምን ስለሚፈራ ለሁሉም የተቀራረበ ከፍተኛ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡም በርትቶ የሚሠራውን ከማይሠራው መለየት ያቅተዋል።

የካይዘን፣ ማለትም ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ አጀማመር ከእነዚህ ይለያል፤ ለዚህም ነው ሰፋ አድርጌ የማነሣው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት ጃይካ በቱኒዚያ የሠራውን ከተመለከቱ በኋላ ጃፓን ተመሳሳይ ድጋፍ እንድታደርግ ጠየቁ፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ዘዴው መጀመሪያ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው ከሙከራው በኋላ በ2004 ዓ.ም. ነው። በትንሹ ሞክሮ፣ ውጤቱን አይቶ ማስፋት ማለት ይህ ነው፤ ከሦስቱ ውስጥ ይህን ቅደም ተከተል በተሻለ የጠበቀው ካይዘን ነው ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም ሥልጠናው ካለፈ በኋላ ወደ ወርክሾፕ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ እኩል ዕድሜ የላቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በሳምንታት ውስጥ ይሠራሉ፤ አሮጌው ብረታ ብረት ከግቢ ይወጣል፣ ወለሉ ላይ መስመር ይቀባል፣ የመፍቻው ቅርጽ በሰሌዳ ላይ ተሥሎ መፍቻው በቦታው ይሰቀላል። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የተመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የደበዘዘ መስመር፣ መፍቻ የሌለበት የመፍቻ ሥዕል፣ መጨረሻ የተሞላበት ወር ያለፈበት የውጤት ማሳያ ሰሌዳ ነው። በአንዳንድ ድርጅት ደግሞ ሠራተኞች ለካይዘን የተደራጁበት የልማት ቡድን እስከ ዛሬ በየሳምንቱ ይሰበሰባል፤ መስመሩም በየጊዜው ይታደሳል። ለጥናት የሚሆነው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ጋር የዘለቀው ነገር ሌላው ጋር ለምን ተቋረጠ? አለቃው ስለተቀየረ ነው? ሠራተኛው ያወጣው ሐሳብ ላመጣው ቁጠባ አንዳች ጥቅም ስላላገኘ ነው? ጥሬ ዕቃ ጠፍቶ ፋብሪካው ለወራት ስለቆመ ነው? ሥልጠናው ባለቀ በሦስተኛ ወሩ መጠይቅ የሚያሰራጭ ጥናት ይህን ሊመልስ አይችልም፤ ብዙዎቹ የመመረቂያ ጽሑፎች ግን የሚደርሱት በዚያው ወቅት ነው።

ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ይለቅብናል። የሥራ ባህል ችግር ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለ60 ሺህ ሰዎች ሥራ ይፈጥራል ተብሎ ነበር፤ ፒቪኤች የተባለው ትልቅ የአሜሪካ የልብስ ኩባንያም ሌሎችን አስከትሎ ገባ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከሲዳማና ከወላይታ ገጠሮች የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ያህል እንደነበር፣ በመጀመሪያው ዓመትም ፋብሪካዎቹ በአማካይ የሠራተኞቻቸውን ቁጥር ያህል እንደገና ለመቅጠር መገደዳቸውን ዘግቧል። አገሪቱ ለግሉ ዘርፍ ያወጣችው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም።

ከአመራሩ በኩል በተደጋጋሚ የሚሰማው ማብራሪያ ልጆቹ የፋብሪካ ዲሲፕሊን አልለመዱም የሚል ነው። ልምድ ማጣት የለም አልልም፤ ነገር ግን የአንዲት ሠራተኛን ወር በወረቀት ላይ አስቀምጦ ማስላት ሌላ ነገር ያሳያል። ከሦስትና ከአራት ጓደኞቿ ጋር የምትከራየው ክፍል አለ፤ ምግብ፣ ሳሙና፣ ወደ ቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ፣ ማታ ከሽፍት ስትወጣ የምትጓዝበት ጨለማ መንገድ አለ። የቤት ኪራይ ሲጨምር ደመወዙ ባለበት ከቆመ ሒሳቡ አይገጥምም፤ ወደ ቤት መመለስ ወይም ትንሽ ንግድ መሞከር በደንብ የታሰበበት ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚያጠናክር ጠንካራ ማስረጃም አለ። የሀዋሳው ፓርክ ከመከፈቱ በፊት፣ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ከአምስት የአገር ውስጥ ድርጅቶች ጋር ተስማምተው ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ለዩ፤ አንዳንዶቹ ሥራው ተሰጣቸው፣ አንዳንዶቹ ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብና የንግድ ሥልጠና አገኙ፣ የቀሩት ምንም አላገኙም። ከአንድ ዓመት በኋላ ሥራውን ያገኙት ካላገኙት የተሻለ ገቢ አልነበራቸውም፤ አብዛኞቹም ሥራውን ለቀው ነበር፤ የጤና ችግርም በእነርሱ ላይ ጎልቶ ታይቷል። ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል። ይህ የመጨረሻው ውጤት ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ ስለሚቀር አጥብቄ አነሣዋለሁ፤ ለወጣቶች ብር መስጠት ብቻውን መፍትሔ ነው ለሚሉ ሰዎችም መልስ ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ለማስገባት ከሚፈቅደው ከአጎዋ ተጠቃሚነት ታገደች፤ ፒቪኤችም ከሀዋሳ ወጣ። የማምረቻ መስመሩን በሚገባ ያደራጀ ሥራ አስኪያጅም እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ስለዚህ በዚህ አገር ስለ ፋብሪካ አመራር የሚጻፍ ጥናት በፋብሪካው አጥር ውስጥ ታጥሮ ሊቀር አይችልም፤ ገበያው በማን ውሳኔ ላይ እንደተንጠለጠለም መመርመር አለበት።

ዋናው ችግር የውጭ ምንዛሪ፣ መብራትና ጸጥታ አይደለም ወይ? አመራር ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?

እነዚህ ችግሮች እውነተኛ ናቸው፤ በአመራር ጥበብ የሚጠፉም አይደሉም። ቢሆንም በሕንድ ሙምባይ አካባቢ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የተደረገ ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ተመራማሪዎቹ በዕጣ ለተመረጡ ፋብሪካዎች የአማካሪ ድጋፍ በነጻ ሰጡ፤ ሥራውም የተራቀቀ አልነበረም፦ የማሽን ብልሽት መመዝገብ፣ ክርን በዓይነቱ ለይቶ ማስቀመጥ፣ የጥራት ጉድለትን በየቀኑ መቁጠርና ማለዳ ተሰብስቦ መወያየት። በመጀመሪያው ዓመት ምርታማነት በ17 በመቶ ጨመረ። መብራቱም፣ መንገዱም፣ ቢሮክራሲውም ያው የቀድሞው ነበር።

ከዚያ ጥናት የበለጠ እኛን የሚመለከቱ ሁለት ግኝቶች አሉ። አንደኛው፣ ፋብሪካዎቹ የሚያድጉት ባለቤቱ ባሉት ወንድ የቤተሰብ አባላት ቁጥር ልክ መሆኑ ነው፤ ከቤተሰብ ውጭ ላለ ሰው ገንዘብና ውሳኔ አሳልፎ ለመስጠት እምነት አልነበረምና። የአዲስ አበባን የቤተሰብ ድርጅቶች የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ የሚያውቃቸው ቤቶች ትዝ ይሉታል። ሁለተኛው፣ ተመራማሪዎቹ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ከተጀመሩት አሠራሮች ግማሽ ያህሉ ተትተው አገኙ፤ አንዱ ምክንያት የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ መቀየሩ ነበር። ሹመኛ በተቀየረ ቁጥር ሁሉም ከዜሮ በሚጀመርባቸው መሥሪያ ቤቶቻችን ይህ ግኝት በየስብሰባው ቢነሣ መልካም ነበር።

የባህል መለኪያዎችን፣ ለምሳሌ የሆፍስቴድን፣ በመመረቂያ ጽሑፌ ልጠቀም?

በጥንቃቄ። ሆፍስቴድ የአገሮችን ባህል በቁጥር ያወዳደረ ሆላንዳዊ ተመራማሪ ነው። የመጀመሪያው መረጃው የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከኮምፒዩተር ኩባንያው ከአይቢኤም ሠራተኞች ነው፤ ኢትዮጵያም ለብቻዋ ሳይሆን ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል አንድ ስብስብ ውስጥ ነበረች። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ሁለት የመንግሥት ሥርዓት ለውጥ ያየች አገር ውስጥ፣ በዛሬ ጊዜ በጅማ ወይም በደሴ የሚሠራን የባንክ ሠራተኛ ጠባይ በዚያ ቁጥር ማብራራት አያስኬድም። ባህልን ማጥናት የፈለገ ሰው በአንድ ቦታ ትእዛዝ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ መጥፎ ዜና ለአለቃ በማን በኩል እንደሚደርስ፣ በስብሰባ ላይ ዝም ያለው ሠራተኛ ቡና ላይ ምን እንደሚል ራሱ ይመልከት።

መጠይቅ ካልሆነ በምን ላጥና? ለዲግሪዬ ያለኝ ጊዜ አጭር ነው።

መጠይቅ አይከለከልም። ችግሩ አጠቃቀማችን ላይ ነው። በጣም የተለመደውን ጥናት በቅርበት እንየው፦ ተማሪው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ አምስት ደረጃ መጠይቅ ከቀድሞ ጽሑፍ ይወስዳል፤ ሁለት መቶ ያህል ቅጂ ለአንድ ባንክ ቅርንጫፎች ያድላል፤ ሠራተኛው ደንበኛ በሚያስተናግድበት መሐል፣ አለቃው ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ እያለ ይሞላዋል፤ ስለ አለቃው አመራርም ስለ ራሱ የሥራ ውጤትም የሚመልሰው ያው ሰው በዚያው ደቂቃ ነው። ቁጥሩ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ «የአመራር ዘይቤ በሥራ ውጤት ላይ አዎንታዊና ጉልህ ተፅዕኖ አለው» የሚል መደምደሚያ ይወጣል። ያ ቁጥር ያሳየው ምናልባት በዚያን ቀን ደስ ያለው ሰው ሁለቱንም ከፍ አድርጎ መሙላቱን ብቻ ነው። ከዚያ «ሥልጠና ይሰጥ» የሚል ምክረ ሐሳብ ይከተላል፤ ጽሑፉም መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

በዚያው አራትና አምስት ወር ሌላ ነገር መሥራት ይቻላል። አንድ ቅርንጫፍ ወይም አንድ የማምረቻ መስመር ብቻ ይያዝ። በየቀኑ የሚሞሉ መዝገቦች አሉ፦ የመግቢያና መውጫ ፊርማ፣ የመጋዘን ዕቃ መግቢያና መውጫ የሚጻፍበት ቢን ካርድ፣ የማሽን ጥገና መዝገብ፣ የወረፋ ቁጥር፣ የቅሬታ መዝገብ። እነዚህ ማንም ለተመራማሪ ብሎ ያልሞላቸው ናቸውና ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። አንድ ብድር ጠያቂ ማመልከቻ ካስገባበት ቀን ገንዘቡ እስኪለቀቅለት ድረስ ፋይሉ በየጠረጴዛው ስንት ቀን እንደቆመ የተከታተለ ተማሪ፣ ስለዚያ ባንክ አመራር ከሁለት መቶ መጠይቅ የበለጠ ይነግረናል። ሁለት ተመሳሳይ ቅርንጫፎችን፣ አንዱ አሠራር ሲቀይር ሌላው ሳይቀይር፣ ማወዳደርም ይቻላል። አማካሪ መምህራንም የናሙናውን ብዛት ብቻ ከመጠየቅ ተቆጥበን «ሥራው ቦታ ስንት ቀን ውለሃል?» ብለን ብንጠይቅ የምንቀበለው ጽሑፍ ይለወጣል።

የመምህራን የደረጃ ዕድገት በወረቀት ብዛት ላይ ሲመሠረት ደግሞ ከፍሎ ቶሎ ማሳተም እንደሚበረታታ መካድ አይቻልም። አንድ ፋብሪካን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ሰው በዚያ ሚዛን ይቀላል። ይህን ማስተካከል የተማሪው ድርሻ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ አመራርና የትምህርት ሚኒስቴር ሥራ ነው።

ድርጅቶች መረጃ አይሰጡንም። ምን እናድርግ?

የማይሰጡበት ምክንያት አላቸው። ቁጥሩ ወደ ግብር ሰብሳቢው ወይም ወደ ተፎካካሪ ይደርሳል ብለው ይሠጋሉ፤ ከዚህ በፊት የሰጡትም ውጤቱ ተመልሶ አልመጣላቸውም። ከዩኒቨርሲቲ የሚጻፈው የትብብር ደብዳቤ ይህን ሥጋት አያስወግድም። የሚጠቅመው፣ ምን እንደሚወሰድና ምን እንደማይወሰድ በጽሑፍ መስማማት፣ የድርጅቱን ስም ማስቀረት፣ ጥናቱ ሲያልቅ ድርጅቱ ሊሠራበት የሚችል ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛ ወይም በአካባቢው የሥራ ቋንቋ ይዞ ተመልሶ ማስረዳት ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ የተደረገለት ድርጅት ለቀጣዩ ተማሪ በሩን ይከፍታል።

የሥራ አመራር ትምህርት ለመርካቶ ነጋዴና ለአነስተኛ ድርጅት ይሠራል?

አብዛኛው የአገሪቱ ሥራ የሚሠራው እዚያ ስለሆነ መሥራት ይኖርበታል፤ እስከ አሁን ግን ትምህርቱ ወደ እነርሱ የደረሰው በጥቂቱ ነው። የሒሳብ መዝገብን ብንወስድ፣ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ሕግ ደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች ሒሳብ መያዝ አይገደዱም ነበር፤ ግብራቸው በግምት ይወሰን ነበር። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የቀን ገቢ ግምቱ ሲገለጽ በበርካታ ከተሞች ሱቆች እስከ መዘጋት የደረሰ ቅሬታ ተነሥቷል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለ ነጋዴ «የዓመት ትርፍዎ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ለገቢዎች የሚመልሰውን ነው። ይህን የማያውቅ ተመራማሪ «አነስተኛ ነጋዴዎች መዝገብ የመያዝ ዕውቀት የላቸውም» ብሎ ይጽፋል።

እውነቱን ለማየት ከባንኮኒው ጀርባ መቀመጥ ይጠይቃል። የዱቤ ደብተሩ አለ፤ ማን ስንት እንደወሰደ፣ ማን በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ ማን ዋስ እንደሚያስፈልገው በነጋዴው እጅ የተጻፈ ነው። ዕቁቡ አለ፤ የትኛው ሳምንት ላይ እንደሚደርሰው ስለሚያውቅ የጅምላ ግዢውን በዚያ ላይ ያቅዳል፤ ዕጣው ሳይደርሰው ዕቃ ካስፈለገው ከሌላ ዕቁብተኛ ጋር ይቀያየራል። ይህ የገንዘብ ፍሰት ዕቅድ ነው፤ ነጋዴውም በየሳምንቱ ይሠራዋል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ከዚያ ግብይት የተወሰነው በስልክ ላይ አሻራ መተው ጀምሯል፤ የነጋዴውን ፈቃድና ምስጢር ጠብቆ ለሚሠራ ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ምንጭ ለማግኘት ይከብዳል። የዘመድ ቅጥርም እንዲሁ በችኮላ ሊወገዝ አይገባም፤ ውል ማስከበር ብዙ ጊዜ በሚፈጅበት አገር ዘመድን ገንዘብ ያዥ ማድረግ ራሱን የቻለ የቁጥጥር ዘዴ ነው። የሚያስከፍለው ዋጋም ከላይ የጠቀስኩት የሕንድ ጥናት እንዳሳየው ነው፦ ዘመድ ሲያልቅ ዕድገቱ ይቆማል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንግሥት ሆኖ ተሳክቶለታል። ሌሎች የልማት ድርጅቶች ለምን አይከተሉትም?

መቅዳት የሚቻለውንና የማይቻለውን መለየት ያስፈልጋል። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካው የቲደብልዩኤ አየር መንገድ አስተዳደር ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሾመው በ1963 ዓ.ም. ነው። በመካከል ያሉት ሃያ አምስት ዓመታት ሰው የማሠልጠኛ ዘመን ነበሩ፤ አብራሪውም ቴክኒሻኑም ቤት ውስጥ ተምሮ ከታች ጀምሮ ወጣ። ገቢው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ፣ ውድድሩ ከዓለም አየር መንገዶች ጋር መሆኑና የደኅንነት ደረጃው በውጭ አካላት የሚመረመር መሆኑ ለሌላ ድርጅት በመመሪያ ሊሰጥ አይችልም። የራስን ባለሙያ በራስ ትምህርት ቤት ማፍራት፣ አመራርን ከውስጥ ማሳደግ፣ ለዓመታት በአንድ ዕቅድ መጽናት ግን ሊወሰዱ ይችላሉ። በኮቪድ ጊዜ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር አውጥቶ ጭነት ማመላለሱም የሚያሳየው ውሳኔው እዚያው በተቋሙ ውስጥ በፍጥነት የሚያልቅ መሆኑን ነው። የአንዳንድ ልማት ድርጅቶች ሥራ አስኪያጅ ትንሽ ግዢ ለመፈጸም እንኳ የሚያልፍባቸውን ደጆች ስናይ ልዩነቱ የት እንዳለ ግልጽ ይሆናል።

ጥናቱ በምን ቋንቋ ይጻፍ?

ለዓለም አቀፍ መጽሔት የሚላከው በእንግሊዝኛ ይሁን። የመስክ ሥራው ግን ሠራተኛው በሚሠራበት ቋንቋ መካሄድ አለበት፤ መረጃ ሰብሳቢዎች የእንግሊዝኛ መጠይቅ ይዘው በየመሐሉ እንደመሰላቸው እየተረጎሙ ከጠየቁ እያንዳንዳቸው የተለያየ ጥያቄ ጠይቀው ይመለሳሉ።

ውጭ አገር ለዓመታት በአመራር ሠርቻለሁ፤ ተመልሼ ማገዝ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመለሱ ባለሙያዎች ይዘውት የሚመጡት ትልቁ ሀብት የተጠናቀቀ የአሠራር መመሪያ ሳይሆን ጥሩ አሠራር ምን እንደሚመስል በዓይን ማየታቸው ነው ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ያለ ሥልጣን፣ ከግምጃ ቤት ሠራተኛውና ከሽፍት ኃላፊው ጋር ውለው ቢያሳልፉ የሚያቀርቡት ሐሳብ የሚሰማ ይሆናል።

ሥራ አስኪያጅ ነኝ፤ ጥናት አልሠራም። እኔን ምን ይመለከተኛል?

ከሁሉም በላይ እርስዎን ይመለከታል፤ ዕውቀቱ ያለው እርስዎ ቤት ነውና። በጣም የሚያስቸግርዎትን አንድ ነገር ይምረጡ፤ የሚቆም ማሽን፣ የሚዘገይ ክፍያ ወይም የሚለቅ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ለሦስት ወር በየቀኑ አንድ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን በቀላል ቅጽ እንዲመዘግብ ያድርጉ። የሚመዘግበው ሰው በመዘገበው ነገር እንደማይቀጣ በሁሉም ፊት ይንገሩት፤ አለዚያ ቅጹ በየቀኑ «ችግር የለም» ተብሎ ይሞላል። የሚለቅ ሠራተኛ ካለ፣ በሚለቅበት ቀን የቅርብ አለቃው ሳይኖር፣ ከሌላ ክፍል የመጣ ሰው ምክንያቱን ይጠይቀው፤ ከወር በኋላም ስልክ ይደውልለት፤ በመጨረሻው ቀን ያልተናገረውን ያን ጊዜ ይናገራል። ቅጹ ሲሞላ በአቅራቢያዎ ካለው ዩኒቨርሲቲ አንድ መምህርና ሁለት ተማሪ ጠርተው መዝገቡን አብረው ይዩት።